ማትሪክስ ምን ያደርጋል? ሊኒየር አልጀብራን በራሳቸው ለሚማሩ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወደ ቢሯችን ገባ። ሊኒየር አልጀብራን በራሱ ለመማር ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ መቆሙን ነገረን። ደብተሩን ገለጥነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ባለ ሦስት ረድፍና ባለ ሦስት ዐምድ ማትሪክሶችን ያለ ስሕተት አባዝቷል፣ ዲተርሚናንታቸውን አግኝቷል፣ ተገላቢጧቸውንም አስልቷል። «ታዲያ ምን ቸገረህ?» ብንለው «ሁሉንም እሠራዋለሁ፤ ምን እየሠራሁ እንደ ሆነ ግን አላውቅም» አለን።

ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድን በመጀመሪያው ወር አንድ መምህር አራት ቁጥሮች ያሉበትን ማትሪክስ በሰሌዳው ላይ ጽፎ «ይህ ማትሪክስ ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀን። እኛም ፈጥነን ዲተርሚናንቱን አሰላንና ነገርነው። «ልክ ነው፤ የጠየቅሁት ግን እሱን አይደለም» አለ። ማትሪክስ አንዳች ነገር «ያደርጋል» ብለን አስበን አናውቅም ነበር። በአገር ቤት በዚህ ትምህርት ያገኘነው ውጤት ከፍ ያለ ስለ ነበረ ኀፍረታችንም በዚያው መጠን ከፍ አለ። የበረዶውን ወራት ባለ ካሬ ደብተር ይዘን ከሀ ጀምረን ተማርነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በዚያ ደብተር ላይ ያገኘነውን ነው፤ ለተማሪውም ያሳየነው ይህንኑ ነው።

የማሕፀኑና የልጁ ታሪክ

ለመሆኑ ችግሩ ከየት መጣ? በከፊል ከታሪክ የመጣ ይመስለናል። «ማትሪክስ» የሚለውን ስም ለሒሳብ የሰጠው እንግሊዛዊው ጄምስ ጆሴፍ ሲልቨስተር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1850 ነው። ቃሉ በላቲን «ማሕፀን» ማለት ነው። ሲልቨስተር ይህን ስም የመረጠው ከአንድ የቁጥሮች ድርድር ውስጥ ረድፍና ዐምድ እየተመረጠ ብዙ ዲተርሚናንቶች ስለሚወለዱ ነው። እንግዲህ ልጁ ከእናቱ ቀድሞ መታወቁን ልብ በሉ። ዲተርሚናንትን በጃፓን ሴኪ፣ በጀርመን ላይብኒትስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርሰውበት ነበር። ማትሪክስን ራሱን እንደ ቁጥር የሚደመርና የሚባዛ ነገር አድርጎ ያቀረበው የሲልቨስተር ወዳጅ አርተር ኬይሊ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው ጽሑፍ ነው።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የዲተርሚናንትን ቀመር ገና ከመጀመሪያው ያቀርባሉ። ተማሪው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች የሚፈራረቁበትን ረጅም ስሌት ይሸመድዳል፤ ስሌቱ የምን መጠን እንደ ሆነ ግን የሚነግረው የለም። በክፍል ውስጥ የሚማር ተማሪ ፈተና ስለሚጠብቀው እየተንገዳገደም ቢሆን ይቀጥላል። በራሱ የሚማረው ግን «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። መጽሐፉን ስለ ዘጋም የኳንተም ፊዚክስ፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ሥዕል ትምህርት አብረው ይዘጉበታል። ዛሬ ጽሑፍ የሚተረጉሙትና ጥያቄ የሚመልሱት የኮምፒውተር ሥርዓቶች እንኳ በውስጣቸው አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ማትሪክስን በማትሪክስ በማባዛት ነው።

በባለ ካሬ ደብተር ላይ

ደብተራችሁን ክፈቱና በገጹ መካከል አንድ መነሻ ነጥብ ምረጡ። ከመነሻው አንድ ካሬ ወደ ቀኝ የምትሄደውን ቀስት «ቀኝ»፣ አንድ ካሬ ወደ ላይ የምትሄደውን ቀስት «ላይ» ብለን እንሰይማቸው። በገጹ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ በእነዚህ በሁለቱ ይገለጻል። (3፣ 2) ማለት ሦስት ጊዜ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ላይ ማለት ነው። አሁን ይህን ማትሪክስ ተመልከቱ፦

[ 2   1 ]
[ 0   3 ]

ረድፎቹን ለጊዜው ትታችሁ ዐምዶቹን ከላይ ወደ ታች አንብቡ። የመጀመሪያው ዐምድ «ቀኝ የተባለችው ቀስት ወደ (2፣ 0) ትሂድ» ይላል። ሁለተኛው ዐምድ «ላይ የተባለችው ቀስት ወደ (1፣ 3) ትሂድ» ይላል። ማትሪክሱ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ታዲያ (3፣ 2) ወዴት ይሄዳል? ነጥቡ ሦስት ጊዜ ቀኝና ሁለት ጊዜ ላይ ስለ ነበረ፣ አሁን ሦስት ጊዜ (2፣ 0) እና ሁለት ጊዜ (1፣ 3) ይሆናል፤ ይኸውም (6፣ 0) እና (2፣ 6) ተደምረው (8፣ 6) ነው። በትምህርት ቤት የተማራችሁትን «ረድፍ በዐምድ» የሚለውን ሕግ ብትጠቀሙ ያንኑ መልስ ታገኛላችሁ። ልዩነቱ አሁን ነጥቡ ሲጓዝ ማየታችሁ ነው።

የገጹን ካሬዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ብታዘዋውሯቸው ካሬው ያዘመመ ጎነ ትይዩ ይሆናል። ነገር ግን ቀጥተኛ መስመር ቀጥተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ትይዩ መስመሮች ትይዩነታቸውን አይለቁም፤ መነሻ ነጥቡም ከቦታው አይነቃነቅም። «ሊኒየር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ጠባይ ነው። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ነጥቦች ዕጣ በአራት ቁጥሮች የተወሰነው በዚህ ጠባይ ምክንያት ነው፤ የሁለቱን ቀስቶች መድረሻ ያወቀ የሁሉንም ያውቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንሂድ። ገጹን በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ የሚያዞረው ማትሪክስ የትኛው ነው? ቀመር አትፈልጉ፤ ሁለቱን ቀስቶች ብቻ አዙሯቸው። «ቀኝ» ወደ (0፣ 1) ትሄዳለች፣ «ላይ» ወደ (−1፣ 0) ትሄዳለች። መድረሻዎቹን በዐምድ ጻፏቸው፦

[ 0   −1 ]
[ 1    0 ]

የማዞሪያ ማትሪክስን በሳይንና በኮሳይን ቀመር ሸምድደው በየፈተናው የቅነሳ ምልክቱ የት እንደሚገባ የሚጨነቁ ብዙ ተማሪዎች አይተናል። ቀስቶቹን የሳለ ሰው ምልክቱ የት እንደሚገባ አይጠራጠርም።

የማባዛቱ እንግዳ ሕግ

ጀማሪውን የሚያስቀይመው ቀጣዩ ነገር የማባዛት ሕግ ነው። መደመር ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ከአቻው ጋር ይደመራል፤ ማባዛት ላይ ግን ረድፍ ከዐምድ ጋር ይጋጠማል። ይህ ለምን ሆነ? ወደ ወጥ ቤት እንግባ። አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት ለአንድ ሰሃን ሽሮ 3 ራስ ሽንኩርትና 2 ማንኪያ ዘይት፣ ለአንድ ሰሃን ምስር ደግሞ 4 ራስ ሽንኩርትና 3 ማንኪያ ዘይት ታወጣለች። ሽንኩርቱ አንዱ ራስ በመርካቶ 5 ብር፣ በሾላ 6 ብር ይሸጣል፤ ዘይቱ በማንኪያ ሲታሰብ በመርካቶ 6 ብር፣ በሾላ 7 ብር ይወጣል። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ መረጥናቸው እንጂ ገበያውን አልጠየቅንም።)

[ 3   2 ]   [ 5   6 ]   =   [ 27   32 ]
[ 4   3 ]   [ 6   7 ]        [ 38   45 ]

ከመርካቶ ቢገዛ የሽሮው ወጪ ስንት ነው? 3 ጊዜ 5 እና 2 ጊዜ 6፣ በድምሩ 27 ብር። ይህን ማንም የምግብ ቤት ባለቤት ያለ ሊኒየር አልጀብራ ታሰላዋለች፤ ያደረገችው ግን ረድፍን በዐምድ ማባዛት ነው። የመጀመሪያው ማትሪክስ ከምግብ ወደ አስቤዛ ይወስደናል፤ ሁለተኛው ከአስቤዛ ወደ ብር ይወስደናል፤ ብዜቱ ከምግብ በቀጥታ ወደ ብር ያደርሰናል። ማትሪክስን በማትሪክስ ማባዛት ማለት አንዱን ድርጊት ከሌላው ማስከተል ማለት ነው። ኬይሊም ሕጉን ያገኘው ከዚህ ነው።

ድርጊትን ከድርጊት ማስከተል ደግሞ ቅደም ተከተልን ይጠይቃል። ጫማ ተጫምቶ ካልሲ ማድረግ አይቻልም። በደብተራችሁ ላይ (1፣ 0) የሚለውን ነጥብ ውሰዱ። መጀመሪያ በ90 ዲግሪ አዙሩት፤ (0፣ 1) ላይ ይደርሳል። ቀጥላችሁ በአግድሙ ዛቢያ እንደ መስታወት ገልብጡት፤ (0፣ −1) ይሆናል። አሁን ተራውን ለውጡ። መጀመሪያ ብትገለብጡት ነጥቡ በዛቢያው ላይ ስላለ ካለበት አይነቃነቅም፤ ቀጥሎ ሲዞር (0፣ 1) ላይ ያርፋል። አንደኛው ከመነሻው በታች፣ ሌላው ከመነሻው በላይ ቀረ።

ይህ ትንሽ ነገር የፊዚክስን ታሪክ ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1925 ሰኔ ወር የ23 ዓመቱ ቨርነር ሃይዘንበርግ የአበባ ብናኝ ዐይኑንና ፊቱን ስላሳበጠበት ዛፍ ወደማይበዛበት ወደ ሄልጎላንድ ደሴት ሄደ። በዚያም አዲስ የአቶም ስሌት ሲሠራ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ገጠመው፤ በስሌቱ የሚገኙት መጠኖች ተራቸው ሲለወጥ ብዜታቸውም ይለወጣል። ማትሪክስ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። ወደ ጌቲንገን ተመልሶ ጽሑፉን ለማክስ ቦርን ሲሰጠው፣ ቦርን ነገሩን ለቀናት ካሰላሰለ በኋላ በተማሪነቱ በብሬስላው የተማረው የማትሪክስ ብዜት መሆኑን ዐወቀ። ከፓስኳል ዮርዳን ጋር ሆኖም ዛሬ በየመጽሐፉ የምናገኘውን ግንኙነት ጻፈ፤ የግስጋሴ ማትሪክስ በቦታ ማትሪክስ ሲባዛና ተራው ተለውጦ ሲባዛ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ አይደለም፤ የፕላንክን ቋሚ ቁጥር የያዘ መጠን ነው። ይህ ቀመር በጌቲንገን በቦርን መቃብር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን ዓለም አቀፍ የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ያለው የዚያን በጋ መቶኛ ዓመት በማሰብ ነው። ቦርን ያን ትምህርት በተማረበት ጊዜ «ለፊዚክስ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢተወው ኖሮ የሃይዘንበርግ ወረቀት ምን ይሆን ነበር እያልን አንዳንድ ጊዜ እናስባለን።

ዲተርሚናንት በተራው

አሁን ወደ ተከሳሹ ዲተርሚናንት መመለስ እንችላለን። በመጀመሪያው ማትሪክሳችን አንዷ ካሬ መሠረቱ 2፣ ከፍታው 3 የሆነ ጎነ ትይዩ ሆነች፤ ስፋቱ 6 ነው። ዲተርሚናንቱም 6 ነው። ዲተርሚናንት ድርጊቱ ስፋትን ስንት ጊዜ እንደሚያበዛ የሚነግር ቁጥር ነው፤ በሦስት ልኬት ሲሆን ይዘትን ስንት ጊዜ እንደሚያበዛ ይነግራል። አሉታዊ ከሆነ ገጹ እንደ እጅ ጓንት ተገልብጧል ማለት ነው። የሁለት ማትሪክሶች ብዜት ዲተርሚናንት የሁለቱ ዲተርሚናንቶች ብዜት መሆኑን መጻሕፍት በረጅም ስሌት ያረጋግጣሉ፤ ስፋት መጀመሪያ በ6 ከዚያም በ2 ቢበዛ በ12 መብዛቱን ግን ለማየት ስሌት አያሻም።

ዜሮ ሲሆንስ? ዐምዶቹ (1፣ 2) እና (2፣ 4) የሆኑትን ማትሪክስ ሳሉት። ሁለቱም ቀስቶች በአንድ መስመር ላይ ይወድቃሉ፤ ገጹ በሙሉ ተጨፍልቆ አንድ መስመር ይሆናል፤ ስፋቱም ዜሮ ነው። የተጨፈለቀውን ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም፤ ከብዙ ቦታ የመጡ ነጥቦች በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋልና። «ዲተርሚናንቱ ዜሮ የሆነ ማትሪክስ ተገላቢጦሽ የለውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ማለት ነው።

እኩልታዎችም በዚህ ዐይን ይታያሉ። 2ሀ + ለ = 8 እና 3ለ = 6 የሚሉትን ጥንድ ስንፈታ የምንጠይቀው «በዚያ ማትሪክስ ተጉዞ (8፣ 6) ላይ ያረፈው ነጥብ ከየት ተነሣ?» ብለን ነው። መልሱን ከላይ አይተነዋል፤ ከ(3፣ 2) ነው። በጨፍላቂው ማትሪክስ ደግሞ (5፣ 10) በመስመሩ ላይ ስላለ መልሱ ቁጥር የለውም፤ (5፣ 11) ከመስመሩ ውጭ ስለ ሆነ መልስ የለውም።

እኩልታዎችን በዲተርሚናንት ቀመር መፍታት ግን በተግባር የሚመከር አይደለም። ባለ 20 ረድፍ ዲተርሚናንትን በትምህርት ቤቱ ዘዴ በረድፍ እየዘረዘርን ብናሰላ ከ2.4 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ብዜት ይጠይቃል፤ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ብዜት የሚሠራ ኮምፒውተር 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አንዱን ረድፍ ከሌላው እየቀነሱ ያልታወቁትን አንድ በአንድ በማስወገድ ከሆነ ግን ከ3,000 ያነሰ ብዜት ይበቃል። ይህ የማስወገድ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1810 አካባቢ የፓላስን ምሕዋር ሲያሰላ በተጠቀመበት በጋውስ ስም ይጠራ እንጂ፣ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው «ዘጠኙ ምዕራፎች» በተባለው የቻይና የሒሳብ መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የዚያ ምዕራፍ የመጀመሪያ ጥያቄ እንዲህ ነው። ሦስት ነዶ ምርጥ እህል፣ ሁለት ነዶ መካከለኛና አንድ ነዶ ዝቅተኛ እህል 39 ስፍር ይወጣቸዋል። ሁለት ምርጥ፣ ሦስት መካከለኛና አንድ ዝቅተኛ 34 ስፍር፤ አንድ ምርጥ፣ ሁለት መካከለኛና ሦስት ዝቅተኛ 26 ስፍር ይወጣቸዋል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ነዶ ስንት ስፍር ይወጣዋል? ቻይናውያኑ ቁጥሮቹን በቀርከሃ ዘንጎች በሰሌዳ ላይ ደርድረው ዐምድን ከዐምድ ቀነሱ። እናንተም በእርሳስ ሞክሩት፤ መልሱ 9¼፣ 4¼ እና 2¾ ነው።

አቅጣጫቸውን የማይለቁ ቀስቶች

አንድ ክር በሁለት ወንበሮች መካከል አግድም ወጥሩ። ከዚህ ክር ላይ ሁለት እኩል ክብደት ያላቸውን ድንጋዮች እኩል በሆኑ ክሮች አንጠልጥሉ። አንዱን ብቻ ከወጠራችሁት ክር ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ እየደከመ ሄዶ ይቆማል፤ ያልነካችሁት ድንጋይ ግን ይወዛወዛል። ከዚያም ተራው ይለወጣል። እንቅስቃሴው ውስብስብ ይመስላል። አሁን ሁለቱን እኩል ስባችሁ በአንድነት ልቀቋቸው፤ ሳይለዋወጡ አብረው ይወዛወዛሉ። አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ስባችሁ ብትለቋቸውም ተቃራኒነታቸውን እንደ ጠበቁ፣ ግን ፈጠን ብለው ይወዛወዛሉ።

የድንጋዮቹን ፈቀቅታ ወስዶ የሚመልሳቸውን ጉተታ የሚሰጥ ማትሪክስ አለ። ድንጋዮቹ እኩያ ስለ ሆኑ ማትሪክሱ ይህን የመሰለ ነው (ቁጥሮቹ እንደገና የእኛ ናቸው)፦

[  5   −1 ]
[ −1    5 ]

(1፣ 1) ስንሰጠው (4፣ 4) ይመልሳል፤ አቅጣጫው ያው ነው፣ ርዝመቱ ብቻ በ4 ተባዛ። (1፣ −1) ስንሰጠው (6፣ −6) ይመልሳል፤ አሁንም አቅጣጫው ያው ነው። (1፣ 0) ብንሰጠው ግን (5፣ −1) ይሆናል፤ አቅጣጫውን ለቀቀ። አቅጣጫቸውን የማይለቁት ቀስቶች አይገንቬክተር ይባላሉ፤ «አይገን» በጀርመንኛ «የራስ» ማለት ነው። የሚባዙበት ቁጥር አይገንቫልዩ ነው። 6 ከ4 ስለሚበልጥ ተቃራኒው ውዝዋዜ ፈጠነ። አንዱን ድንጋይ ብቻ ስትስቡ ያያችሁት ግራ የሚያጋባ እንቅስቃሴ የሁለቱ ቀላል እንቅስቃሴዎች ድምር ነው፤ (1፣ 0) የ(1፣ 1) እና የ(1፣ −1) ድምር እኩሌታ ነውና።

የድልድይ መወዛወዝም፣ የክራር ክር ድምፅም፣ በሃይድሮጂን አቶም ውስጥ ያሉት የተለያዩ የኃይል ደረጃዎችም የሚገኙት በዚሁ ጥያቄ ነው። ስለዚህ አይገንቬክተርን «ዲተርሚናንቱን ከዜሮ አስተካክል» በሚለው ስሌት ብቻ ያወቀ ተማሪ መቁጠሪያውን ይዞ የሚቆጥረውን ያጣ ሰው ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ጊልበርት ስትራንግ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማራቸው ትምህርቶች በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ሰው ከእነዚህ የተሻለ አናውቅም። የሸልደን አክስለር መጽሐፍ ዲተርሚናንትን ወደ መጨረሻ ገፍቶ የጻፈ ሲሆን አራተኛው እትሙ በነጻ ተለቋል፤ ሆኖም ማረጋገጫ መጻፍን ስለሚፈልግ ሁለተኛ መጽሐፍ እንጂ የመጀመሪያ እንዲሆን አንመክርም። የትኛውንም ብትይዙ ባለ ካሬ ደብተሩ ከጎኑ ይኑር። ባለ ሁለት ረድፍ ማትሪክሶችን በእጅ እስክትጠግቧቸው ድረስ ሥሩ፤ ባለ ሦስቱን ጥቂት ጊዜ ሞክሩ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለኮምፒውተር ተዉለት።

ያ ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ደብተሩ አሁን በቀስቶች ተሞልቷል፤ ጥያቄም ይዟል። «በ90 ዲግሪ የሚያዞረው ማትሪክስ እያንዳንዱን ቀስት ያዞራል። ታዲያ አቅጣጫውን የማይለቅ ቀስት ከየት ይገኛል?» አለን። በገጹ ላይ እንደማይገኝ፣ የሚፈለገው ቁጥርም ራሱን በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጥ መሆን እንዳለበት አሳየነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ወዴት እንደሚወስደን በሚቀጥለው እትም እናያለን፤ እስከዚያ ድረስ ግን ማትሪክሱን ሁለት ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ የምታገኙትን ተመልከቱ።